በአዲሱ ቱቦ ላይ የተገኘው አሮጌ ቁስል

ከሰው ሁሉ ቀድመው የሹፌሩን ሞት ያወቁ ዝንቦች ናቸው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጋራዡ ዘበኛ ሊቀሰቅሰው ሲሄድ፣ የጭነት መኪናውን መስኮት ከውጭ እንደ ጥቁር መጋረጃ ሸፍነውት አገኘ። መስተዋቱ እስከ ጫፉ ተዘግቷል። ሁለት ጊዜ አንኳኳ፣ አንድ ጊዜ ተጣራ፤ በሩን ሲከፍት ግን መጣራቱን ትቶ ጮኸ።

መርማሪዋ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቅጥነቷን አይተው ብቻ ሳይሆን፣ ከገባችበት ነገር ክሩን ሳታስከትል ስለማትወጣ ነው። መርፌ ቆሻሻ አትወድም። ከቆሻሻ ይልቅ ግን ቆሻሻን የለመደ ሰው ያስጠላታል፤ ይህ ጋራዥ ደግሞ ሁለቱንም አስተባብሮ ይዟል። ግቢው በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል። ከግራው ግንብ ሥር የጥራጊ ጉድጓድ አለ፤ ከግንቡ ማዶ ያለው የቆዳ ማልፊያ ቤት የበሰበሰ የቆዳ ፍቅፋቂውን በየቀኑ የሚደፋው እዚያ ነው። ጠረኑ አፍንጫን አልፎ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ያ የጭነት መኪና፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ ጋቢናውን ለዚያ ጉድጓድ ሰጥቶ ቆሟል።

ሟቹ ከወንበሮቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ መኝታ ላይ በጎኑ ተኝቷል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ቁስል የለም፤ የተቀደደ ልብስ የለም፤ የታገለ እጅ የለም። ከራስጌው የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የተወለወለ ጫማ ተቀምጧል።

«ሳጅን፣» አለች መርፌ ተከትሏት ለመጣው ፖሊስ፣ «ሹፌር መኪናውን ሊያሠራ ሲመጣ ጫማ ይወለውላል?»

«እኔ እንኳ ለሠርጌ አልወለወልኩም፣ ኢንስፔክተር።»

«እንግዲያው ይህ ሰው ዛሬ የሚከበር ቦታ ሊሄድ ነበር።»

ከደረት ኪሱ አራት ጊዜ የታጠፈ መሐረብ አወጣች። በውስጡ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ብርቱካናማ ጨርቅ አለች፤ ግማሿ በደረቀ ጥቁር ነገር ደድራለች። መርፌ አሸተተቻትና ፊቷን አዞረች። ዘይት አልነበረም።

ሐኪሙ ከጋቢናው ሲወርድ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኗል። «አየር አጥቶ ነው የሞተው፤ ግን አልታነቀም። የጠጣው መርዝም ያለ አይመስለኝም። ከጧቱ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ተኝቶ ሳለ አየሩ ከዳው ማለት እችላለሁ። ከዚያ በላይ አልሄድም።»

«የሄድክበት ይበቃኛል።»

በመኪናው ጎን፣ ከመኝታው ሥር፣ ከውጭ የሚከፈት የዕቃ ሣጥን ነበር። የሣጥኑ ጣራ የመኝታው ወለል ነው፤ በእሱ ላይ ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። የቀዳዳው የጎማ ውታፍ ወልቆ ወድቋል፤ በዙሪያውም አቧራው በክብ ተጠርጓል። መርፌ ጣቷን ወደ ቀዳዳው ሰደደች። ጣቷ የሟቹን ፍራሽ ነካ።

ባለ ጋራዡ ወፍራም፣ አንገተ አጭር ሰው ነው። ሬሳው ሃያ እርምጃ ርቆ ተኝቶ ሳለ፣ ዘይት በነካው እጁ ዳቦ በእንቁላል ይዞ ይገምጣል። ዝንብ ከዳቦው ላይ ሲነሣ አላባረረውም፤ ቦታ ለቀቀለት።

«ልቡ ነው፣» አለ እያላመጠ። «ሽማግሌ ነው እኮ! ሽማግሌ ይሞታል።»

«ፖሊስ ሲመጣ ግን ‹ገዳዩ የኤሲ ሠራተኛዬ ነው› ብለህ ያሳሰርከው አንተ ነህ።»

«ልቡ ካልሆነ ጋዙ ነዋ! ጋዙን የሚነካ እሱ ብቻ ነው። እኔ ምን አግብቶኝ?»

«ከዚያ ከሸራው ሥር ያሉትን የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደሮችስ ማን ነው የሚነካቸው?»

የሰውየው መንጋጋ ቆመ። «የቤት ናቸው።»

«አምስት ናቸው። አምስት ቤት አለህ?»

 ለመርፌ ገባት፤ ይህ ሰው ለማቀዝቀዣ የተሠራውን ጋዝ ትቶ የሚነድደውን የወጥ ቤት ጋዝ በሰው መኪና ውስጥ ይሞላል። እሳት አስታቅፎ «በል ሂድ» የሚል ሰው ነበር። ነገር ግን የሚያስጠላ ሁሉ ገዳይ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሳጅኑን «እነዚያን ሲሊንደሮች መዝግብ» ብላው አለፈች።

በዚህ መካከል አለቃዋ ደወለ። «ተጠርጣሪው በእጃችን ነው፤» አላት፣ «ጧት የጋዝ ሲሊንደር ሲደብቅ ዘበኛው አይቶታል። አሥር ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ። ሌላ ነገር ካለሽ ከዚያ በፊት አምጪ።»

ተጠርጣሪው በአሮጌ ጎማ ላይ ካቴና ታስሮ ተቀምጧል። «በረዶ» ይሉታል፤ ሙያው ማቀዝቀዣ፣ ጠባዩም እርጋታ ስለሆነ። አሁን ግን በረዶው ቀልጦ በላብ ይወርዳል።

«እመቤቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ትወጣለች። እናት የላትም። በር ላይ እኔን ካላየች ወደየትም አትሄድም፤ እዚያው ትቆማለች።»

«እውነቱን ቶሎ ከነገርከኝ ቶሎ ታያታለህ። ከመጀመሪያው ጀምር።»

«መኪናው ትናንት ጧት መጣ። ሁለት ሰዎች በየተራ ይነዱታል፤ ጋሼ ሟቹና የሚስታቸው ወንድም። ‹ኤሲው ከሦስት ሳምንት ወዲህ እየደከመ መጥቶ አሁን ጨርሶ አይቀዘቅዝም› አሉኝ። ከፈትኩት፤ ጋዝ የሚባል የለም። ጋዝ ደግሞ እንደ ሻማ አያልቅም፤ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ናይትሮጅን ሞላሁበትና ቱቦውን ሁሉ ሳሙና ቀባሁት። ከፊት፣ ከመብራቱ ጀርባ፣ አረፋው ተነፋ። ቱቦው ከማቀፊያው ብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተበልቷል። ቁስሉ እንደ ጠጠር ለስልሷል፤ በዙሪያውም ዘይትና አቧራ ተጋግሮበታል።»

«ለምን ተፋተገ?»

«እኔም ያንኑ ጠየቅሁ። ማቀፊያው ወደ ውስጥ ተጣሟል። ‹ይሄ መኪና ከፊቱ የሆነ ነገር ገጭቷል› አልኩ። ሁለቱም ዝም። ጋሼ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልተናገሩም።»

«ከዚያስ?»

«አዲስ ቱቦ ገጠምኩ። ስገጥም አጠገቤ የነበሩት ጋሼ ብቻ ናቸው። ያንን ጠማማ ብረት ማቃናት ስላልቻልኩ ቱቦውን አዙሬ በሌላ በኩል አሳለፍኩት፤ አሁን ብረቱንና ቱቦውን አራት ጣት ይለያቸዋል። ከዚያ በቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን ሞልቼ፣ የጌጁን፣ የግፊት መለኪያውን፣ ጠቋሚ በቀለም ምልክት አድርጌ፣ በባለ ጋራዡ ደንብ መሠረት እንዲያድር ተውኩት። ጠቋሚው ካልወረደ ሥራው ደህና ነው፤ ጋዝ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ስለዚህ ዛሬ ጧት ማቀዝቀዣው ውስጥ ጋዝ አልነበረም?»

«ጠብታ! ትንሽ ናይትሮጅን ብቻ። ያም ቢያፈስስ ከጋቢናው ውጭ ነው የሚያፈስሰው፤ ሰው አይደለም ዝንብ አይገድልም።»

«አሮጌውን ቱቦ የት አደረግከው?»

«በደንባችን መሠረት ነዋ፤ የወጣ ዕቃ ለባለቤቱ ይሰጣል። ‹ሳትቀይር ቀየርኩ አልክ› እንዳይሉን። በቀይ ጨርቅ ጠቅልዬ ሊወጣ ሲል ለወንድምየው ሰጠሁት፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። ዘበኛው ደግሞ ያን ጊዜ ‹የናይትሮጅኑን ሲሊንደር ማደሪያዬ ላስገባው› አለ። ‹አባባ፣ እንዳያስቡት!› አልኳቸው። ‹ይሄ ነገር መርዝ አይደለም፤ አይሸትም፤ ግን በተዘጋ ቤት ከተለቀቀ አየሩን አስወጥቶ ሰው አስተኝቶ ያስቀራል።› ወንድምየውም ቆሞ ይሰማ ነበር። ሲሊንደሩን ከመኪናው አጠገብ ትቼው ሄድኩ።»

«ጧትስ?»

ራሱን ደፋ። «ጩኸቱን ሰምቼ ስሮጥ ሲሊንደሩን አየሁት። ማታ ሙሉ ነበር፤ ጌጁ ባዶ ይላል። የመኝታውን ሣጥን አየሁ፣ ሰውየውን አየሁ፣ ገባኝ። ‹አለቀልኝ› ብዬ ባዶውን ወደ መጋዘን ገፋሁና በሙሉ ተካሁት። ሞኝነት ነው። ፈራሁ።»

«ሞኝነት ብቻ አይደለም፤ የገዳዩን ሥራ መጨረስ ነው፣» አለች መርፌ በቁጣ። ነገር ግን ወደ ሳጅኑ ዞር ብላ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ዳዋው ደግሞ ‹ምቱኝ› እያለ ይተኛላቸዋል» አለችው።

ከፊት መሸፈኛውን አስነሥታ አየች። በአዲሱ ቱቦ ላይ፣ ከመጋጠሚያው አንድ ስንዝር ርቆ፣ የተበላ ቦታ ይታያል፤ በመካከሉም ቀዳዳ። የጌጁ ጠቋሚ ከቀለም ምልክቱ ወርዶ ዜሮ ላይ ተኝቷል። መርፌ በቁስሉ ዙሪያ ጣቷን አዞረች። ጣቷ እንደነጻ ተመለሰ፤ ዘይት የለም፤ አቧራ የለም፤ ሸካራ የሞረድ ጥርስ መንገድ ብቻ አለ። አራት ጣት ራቅ ብሎ ጠማማው ብረት ቆሟል፤ ምንም አልነካም።

ዘበኛው ጥርሱ ያለቀ አዛውንት ነው። ስለ ሁሉ ነገር መሐላ ይምላል፤ ስለ አንድ ነገር ግን ዓይኑን ይሰብራል።

«አባባ፣ ጧት በሩን ትተው ሄደዋል።»

«እኔ? እንዴት ተደርጎ፣ ልጄ!»

«አባባ።»

«ሻይ ነው! ለጋሼ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውኃ ሰጠሁ፤ ፊታቸውን ታጠቡና ‹እስከ ሦስት ሰዓት ልጋደም› አሉ። ዝንቡን ጠልተው መስተዋቱን ዘጉ። እኔም አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት… ትንሽ ቢበልጥ ነው። በሩን በሽቦ አስሬ ነው እኮ!»

«ሽቦ የሚፈታ ሰው ጠፍቶ? መኪናውን እዚህ ጉድጓድ አፍ ላይ ማን አስቆመው?»

«የሟቹ አማች፣ የሚስታቸው ወንድም። ‹ጥላ ይሻለዋል› አለ። እኔ እንኳ ‹እዚህ ሰው አይተነፍስም› ብዬ ነበር።»

«የቆዳ ቤቱ ሰዎች ፍቅፋቂውን የሚደፉት መቼ ነው?»

«ማታ ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን። ትናንትም ደፍተዋል፤ አይታይሽም እንዴ አዲሱ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ?»

ይታያታል። ባይታያት ይሻላት ነበር።

የሟቹ ሚስትና ወንድሟ ከቢሮው ፊት በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ግን ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተትቷል። ወንድምየው በየቃሉ መካከል «ጋሼን! ጋሼን!» እያለ ደረቱን ይመታል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእርሱ ጉንጭ ግን እንደ ጋራዡ ቆርቆሮ ደረቅ ነው።

«ቱቦውን እዩልኝ፣ ኢንስፔክተር! እንደ አሮጌው አድርገው ነው የሠሩልን፤ ጋዙ ገብቶ ገደለው!»

«አሮጌው የት አለ?»

«የተበላ ጎማ ምን ይሠራልኛል? ማታ ስሄድ መንገድ ላይ ጣልኩት።»

«ከዚያ ወዲህ እዚህ መጥተሃል?»

«በጭራሽ። አራት ሰዓት ላይ ተጠርቼ ነው የመጣሁት።»

መርፌ ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «እህቴ፣ ባለቤትዎ ዛሬ ወዴት ሊሄዱ ነበር?»

ሴትዮዋ መሬቱን እያየች «አላውቅም» አለች።

«ነጭ ሸሚዙን የተኮሰው ማን ነው?»

«እኔ።»

«የት እንደሚሄድ የማይታወቅ ሰው ሸሚዝ ይተኮስለታል?»

«ታሞ ስለነበር… ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልተነሣም። ከተነሣ ወዲህ ንጹሕ ልብስ ይወዳል።» ይህን ብላ ከንፈሯን ነከሰች። ወንድሟ ክንዷን ያዝ ሲያደርጋት፣ ትኩስ ብረት እንደነካው ሰው ክንዷን ሰበሰበች።

መርፌ ይህን ካየች በኋላ ሳጅኑን ወደ ጉድጓዱ ወሰደችው።

«አይሆንም፣» አለ ሳጅኑ ገና ሳትናገር።

«ይሆናል።»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ የሰው ልጅ ነኝ!»

«የታሰረውም እንዲሁ ነው።»

ሳጅኑ እንጨት ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወረደ። እግሩ በለሰለሰው ፍቅፋቂ ውስጥ ሲሰምጥ አንድ የሚያስጠላ ድምፅ ተሰማ፤ የዝንቡ ደመና ተነሥቶ ተመልሶ አረፈበት። መርፌ ዓይኗን አልነቀለችም፤ ሌላውን ወደ ቆሻሻ አውርዶ ራሱ ፊቱን የሚያዞር ሰው አለቃ ሊባል አይገባውም ብላ ታምናለች። ብዙም አልቆፈረም። ከግንቡ ጥግ፣ ሰው ወርውሮ የሚያደርስበት ያህል ርቀት ላይ፣ ከአዲሱ ፍቅፋቂ በላይ፣ ቀይ ጨርቅ ታየ።

«ከበላይ ነው ወይስ ከሥር?»

«ከበላይ፣ ኢንስፔክተር። ከሥሩ ያለው ደግሞ… አልናገረውም።»

ጨርቁን ሲፈቱት አሮጌው ቱቦ ወጣ። መርፌ ወደ ብርሃን አቅርባ አየችው፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ እጇን በሳሙና ታጠበች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በመኪናው ፊት ተሰበሰቡ፤ ባለ ጋራዡ፣ ዘበኛው፣ በረዶ ከነካቴናው፣ ሚስቲቱና ወንድሟ። የሬሳው መኪና ሄዷል፤ ጠረኑ ግን አልሄደም።

«አሳጥሬ እናገራለሁ፤» አለች መርፌ፣ «እዚህ ግቢ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ መሳብ አይቻልምና። ይህ ሰው የሞተው ከማቀዝቀዣው በወጣ ጋዝ አይደለም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ጋዝ አልነበረም፤ ቱቦው ገና በሙከራ ላይ ነበር፤ ያለውም ቦታ ከጋቢናው ውጭ ነው። የገደለው ያ የናይትሮጅን ሲሊንደር ነው። አንድ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ አባባ ሻይ ሲጠጡ፣ የሲሊንደሩን ጎማ በዕቃ ሣጥኑ ቀዳዳ ወደ መኝታው ሰደደና ከፈተው። አይሸትም፤ አያስልም። መስተዋቱም ተዘግቷል፤ ምክንያቱም ይህን ጠረን ችሎ መስኮት የሚከፍት ሰው የለም።»

«እሱ ነው እንግዲህ!» አለ ባለ ጋራዡ ወደ በረዶ እየጠቆመ።

«ቆይ። ገዳዩ ሲሊንደሩን ብቻ ከፍቶ ቢሄድ ኖሮ እኔም ምናልባት በረዶን ይዤ እሄድ ነበር። ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ። ‹ሥራው ተበላሽቶ ጋዝ ገደለው› እንዲባል አዲሱን ቱቦ በሞረድ ፋቀና ቀደደው። አሁን ልጠይቃችሁ። በረዶ ይህን ያደርጋል? ቱቦው ውስጥ ጋዝ እንደሌለ ከማንም ይልቅ የሚያውቅ እሱ ነው። ደግሞስ የራሱን ሥራ አበላሽቶ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይጥላል? ባለ ጋራዡስ? የሙከራውን ደንብ ያወጣው ራሱ ነው፤ ‹ጋዝ ገደለው› የሚባል ወሬ ደግሞ ከሸራው ሥር ያለውን ጉዱን ያወጣበታል። ስለዚህ ነው ከሁሉ አስቀድሞ ‹ልቡ ነው› ያለኝ።»

ባለ ጋራዡ በረጅሙ ተነፈሰ።

«አትተንፍስ፤ ያንተ ነገር በሌላ መዝገብ ነው።» መርፌ አሮጌውን ቱቦ ከሳጅኑ ተቀብላ ከአዲሱ ጎን ያዘችው። «እዩ። አሮጌው የተበላው ከመጋጠሚያው አንድ ስንዝር ላይ ነው። አዲሱም የተፋቀው አንድ ስንዝር ላይ ነው፤ በዚያው ጎን፣ በዚያው ርዝመት። ፋቂው አሮጌውን ቁስል አይቶ ገልብጧል። ነገር ግን አዲሱ ቱቦ በሌላ በኩል ስለዞረ፣ በዚያ ቦታ ላይ የሚነካው አንዳች ብረት የለም። አየር ጎማ አይበላም! እንግዲህ ይህን ያደረገው አሮጌውን ቱቦ በእጁ የያዘ፣ አዲሱ ሲገጠም ግን ያላየ ሰው ነው። ሲገጠም ያየ ሟቹ ብቻ ነው። አባባ፣ አሮጌውን ቱቦ ይዘው ያውቃሉ?»

«እኔ ምን በወጣኝ! ተጠቅልሎ ለእሱ ሲሰጥ አየሁ እንጂ።»

የሁሉም ዓይን ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ።

«መንገድ ላይ ጣልኩት አልኩ እኮ!» አለ ወንድምየው። «ማንም አንሥቶ አምጥቶት ይሆናል!»

«ማንም አንሥቶ፣ በዚያው ቀይ ጨርቅ መልሶ ጠቅልሎ፣ ወደዚህ አምጥቶ? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሄድኩ ብለሃል። ፍቅፋቂው የተደፋው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቱቦው የተገኘው ከፍቅፋቂው በላይ ነው። ስለዚህ ይህ ቱቦ ጧት ተመልሶ መጥቷል፤ ይዞት የመጣ ሰው አብሮት መጥቷል። ደግሞም ሌላውን ጫፉን እዩት። እዚህ ጋ ሁለተኛ ቁስል አለ፤ ደረቅ፣ ሸካራ፣ የሞረድ ጥርስ ያለበት። ሌሊቱን ቤትህ ተቀምጠህ መፋቅን ስትለማመድ አድረሃል።»

ሳጅኑ ምራቁን ለመትፋት ዞር አለና ተወው።

«ለምን ብዬ ጋሼን እገድላለሁ? እንደ አባቴ ነው!»

«ለዚህ።» መርፌ መሐረቡን ዘረጋች። «ቱቦ ዝም ብሎ አይበላም፤ ብረቱ ስለተጣመመ ተበላ። ብረቱም ዝም ብሎ አልተጣመመም። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት የጎዳና ጠራጊ በሥራ ላይ ሳለች ተገጭታ፣ ገጪው ሳይቆም አምልጦ፣ ከመንገድ ዳር ሞታ ተገኝታለች። መዝገቧ ከእኔ ጎን ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ይህ የሰደርያዋ ቀለም ነው። ሟቹ ትናንት ጎንበስ ብሎ ብዙ ያየው ይህን ነው፤ ከመብራቱ ጀርባ ነቅሎ አወጣው።»

«ሁለታችንም እንነዳዋለን! እሱ ቢሆንስ?»

«እሱ ያን ሳምንት ከአልጋ አልተነሣም። እህትህ ናት የነገረችኝ፤ ሳታስበው።»

  የሰውየው ትከሻ ወረደና፣ ሰው ስለ ዝናብ እንደሚናገር ሁሉ «ገና አልነጋም ነበር፤ አላየኋትም» አለ። «መቆም ምን ይጠቅማታል? ሞታለች እኮ። የሞተ ሰው አይመለስም። ጋሼ ግን ግትር ነው፤ ‹ተናገር፣ ተናገር› ይለኛል። በአንዲት ጠራጊ ምክንያት ቤታችንን ሊያፈርስ!»

መርፌ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ እንዲህ ያለው ቃል ግን ከጉድጓዱ ይልቅ ከረፋባት። ለሳጅኑ በጣቷ ምልክት ሰጠችው። ካቴናው ከበረዶ እጅ ወጥቶ በሌላው እጅ ገባ። በረዶ አንጓውን እያሻሸ ሰዓቱን አየ፤ ማንንም ሳይሰናበት ወደ በሩ ሮጠ። ባለ ጋራዡ ከኋላው «ነገ በጊዜ ና!» ብሎ ጮኸበት።

«እታለም፣» አለ ወንድምየው እየተጎተተ፣ «በይ ንገሪያቸው! ከሣሽ የለውም በይ! አንቺ ካልመሰከርሽብኝ ማን ይመሰክርብኛል? አንድ ማኅፀን አይደለም ወይ ያወጣን?»

ሴትዮዋ ተነሣች። 

«ማኅፀኑንማ አታንሣብኝ። እሱን ሳስብ ነው ሰውነቴ የሚከረፋኝ።»

መርፌ ቀስ ብላ «እህቴ፣ ግድ የለም፤ ዛሬ ባይናገሩም ይቻላል» አለቻት።

«አይቻልም። የሦስት ሳምንት ዝምታ ነው እዚህ ያደረሰን። ባሌ ከበሽታው ተነሥቶ የመኪናው ፊት ተጣሞ ባየ ጊዜ ጠረጠረ፤ ‹ወንድምሽ ምን ገጨ?› ብሎ ጠየቀኝ። አውቅ ነበር፤ ነግሮኛል፤ ‹ድንጋይ ነው› አልኩት። ትናንት ጨርቋን ይዞ ቤት ገባ። ‹ዝም በል› ብዬ ለምኜው፣ እግሩ ላይ ወድቄ እንቢ ሲለኝ ሸሚዙን ተኮስኩለት። እሱ መኪናው ዘንድ ሊያድር ሲወጣ ደግሞ ወደዚህ ሰው ሄጄ ‹ጧት ፖሊስ ዘንድ ሊሄድ ነው፤ ቀድመህ ሂድና ራስህ ተናገር› አልኩት። ቀድሞ ሄደ።»

ከሳጅኑ ላብ ባረጠበው እጅ ደብተሩን ወስዳ ለመርፌ ዘረጋችላት።

«ጻፊ። ‹የነገርኩት እኔ ነኝ› ብለሽ ጀምሪ።»